ምስማሩ አስቀድሞ ተመትቶ ነበር

ከልጄ እጮኛ ቤተሰብ ጋር ለመተዋወቅ የሄድን ቀን በመጀመሪያ ያየሁት ምስማሩን ነው። ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ በየፎቶው አንዲት ወጣት ሴት ከአንድ ጠቆር ያለ የተራራ ሐይቅ ዳር ቆማ ትስቃለች። የዚያ ቤት ምራቶች ናቸው። ከመጨረሻዋ ቀጥሎ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ምስማሩ ግን ተመትቷል። ዕድሜ ልኬን የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ልክ ሳይወሰድ ጨርቅ ሲቆረጥ ካየሁ ልቤ ይደነግጣል።

«እሱ የእርስዎ ልጅ ቦታ ነው» አለችኝ የልጁ እናት፣ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይታ።

ፋርማሲስት ናት። ከዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ ያለው ትልቁ ፋርማሲ የእሷ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ልጅ ሰጥቶ አንቺ አይባልም። በልቤ ግን አንቺ ካልኳት ቆይቻለሁ።

ልጄ የምላት የልጄን ልጅ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ድንቢጥ ብዬ የጠራኋትም እኔው። ገና ጡጦ ሳትጥል ደረቷ ማፏጨት ሲጀምር ወፍ መስኮት አልፋ የገባች እየመሰለኝ ጣሪያ ጣሪያ አይ ነበር። አስም ነው። ሰው «ለምን ድንቢጥ አላችኋት?» ሲለን ግን «ትንሽ ስለሆነች» እንላለን።

ፋርማሲስቷ ሻይ እየቀዳች የቤቱን ሥርዓት አስረዳችን። «በእኛ ቤት ሙሽራ ከመግባቷ በፊት ሦስቱን ጫፍ ትዞራለች። የልጆቼ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ነው የጀመረው። መሪ እንቀጥራለን፣ በጠዋት እንነሳለን፣ ሦስት ጫፍ፣ ሦስት ሐይቅ፣ ለእራት ቤት ነን። ጎብኚ ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። የላይኛው ሐይቅ ጋ ፎቶ፤ ከዚያ ሠርግ። ከሙሽራዋ ወገን ደግሞ አንድ ሰው አብሮ ይወጣል።»

«እኔ የእግሬ ጥፍር ወልቆ ነው የወጣሁት» አለች ታላቋ ምራት፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ራሷን እያየች። «ግን እዩት አሳሳቄን!»

«ያልቻለችስ?» አልኩ።

«አንዷ ነበረች። ከመካከለኛው ሐይቅ ተመለሰች» አለች ፋርማሲስቷ።

«ከዚያስ?»

«ተመለሰች አልኩዎት እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። እጮኛውም ሳቀ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥርሱ ያምራል፣ ሳቁም አያልቅበትም።

«እኔ ደግሞ ጤና እወዳለሁ» ብላ ቀጠለች። «ቀኑን ሙሉ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ የታቀፈች እናት ፊቴ ቆማ ስታለቅስ ሳይ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ያንን ድምፅ መስማት አልፈልግም፤ ከልጅ ልጆቼ ደግሞ ከቶ አልፈልግም። አንቺ ጤነኛ ነሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«በጣም!» አለች ድንቢጥ።

ሻዩ ትን አለኝ። ታላቋ ምራት ጀርባዬን እየመታች «አይዞዎት፣ ቀስ እያሉ ይጠጡት፤ ማንም አይነጥቅዎትም» አለችኝ።

ቤታችን ስንገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኳት።

«ንገሪው። ሐኪም አይደለም እንዴ? ይገባዋል።»

«የጥርስ ሐኪም ነው፣ እማማ።»

«ጥርስና ደረት ምን ያህል ይራራቃል?»

«ለእሱ ከነገርኩት ለእናቱ ይነግራል። ከእናቱ የሚደብቀው ነገር የለም። እሷ ካወቀች ደግሞ አለቀ። ሰማሽ? አለቀ። እኔ ደግሞ እወደዋለሁ።» ከዚያ ጣቷን አፍንጫዬ ድረስ ዘርግታ «አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ሁለተኛ ዓይኔን አታይውም» አለችኝ።

እኔን! አጥቤ አልብሼ ያሳደግኳትን። ግን ምን እላለሁ? የጨነቀው ሰው አፉ ስለት ነው። ፊቷን አይቼ እሺ አልኩ።

የቀረው ፓፏን የት እንደምንይዛት ነበር። ፓፍ የምንላት ያቺን በአፍ ተነፍታ የምትሳበዋን የአስም መድኃኒት ነው። ድንቢጥ ያለ እሷ ከደጃፍ አትወጣም ነበር። ከማዕዘኑ ፋርማሲ እንዳትታይ ከተማውን አቋርጣ ማዶ ሰፈር ሄዳ ነው የምትገዛት።

«ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺያት» አልኳት።

«መሪው መንገድ ላይ ሸክም ያደላድላል፤ ከደከማት ወስዶ ላልደከማት ይሰጣል አሉ። ታላቋ ምራት ደግሞ የሰው ቦርሳ እጇ ከገባ ሳትፈትሸው አትመልስም።»

ስለዚህ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። የወፍራሙን ጃኬቴን ገበር ከብብቴ ሥር ተረተርኩና ኪስ ሰፋሁለት፤ ከውጭ የማይታይ፣ ስሄድ የማይንቀጠቀጥ፣ ክዳኑ በአንዲት ቁልፍ የሚዘጋ። እኔ አብሬ እወጣለሁ፤ ድንቢጥ ሲጠባት «እማማ፣ ውሃ» ትለኛለች፤ ኮዳዬን ይዤ እቀርባለሁ፤ ድንጋይ ዞረን ትስባለች። ፓፏን ነቅነቅ ሳደርጋት ቀለለችኝ።

«እያለቀች ነው፣ ድንቢጤ። አዲስ ግዢ።»

«ለአንድ ቀን ትበቃለች» አለች። ወጣት ሲዋደድ ሁሉ ነገር ይበቃዋል።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ መኪናው ከተራራው ግርጌ አወረደን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሦስቱ ጫፎች ከላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ደመናው ከወገባቸው ላይ እንደተፈታ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ያምራል፤ ማማሩን ማን ይክዳል? ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

መሪው ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ ቀጭን ሰው ነው፤ እግሩ እንደ ዘንግ ነው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ። ከእሱ ጋር አንዲት ማስቲካ የምታላምጥ ሴት አለች፤ የኋላ ጠባቂ ይሏታል። መሪው ሰብስቦን የጉዞውን ደንብ ይናገር ጀመር። እኔ ግን የድንቢጥ ኮሌታ ተከፍቶ ስላየሁ እቆልፍላት ነበር። ቆልፌ ስጨርስ ስካርፏ ላልቷል፤ እሱን አጠበቅሁ።

«እማማ፣ ተይኝ! ሰው እያየ ነው» ትላለች እያንሾካሾከች።

«ንፋስ ከገባ ደረትሽን...»

«ዝም በይ!»

በዚህ መሀል ከመሪው ንግግር የሰማሁት «ፊሽካ» የሚለውን ብቻ ነው። «ገባችሁ?» ሲል ከሰው ጋር «አዎ» አልኩ።

የመጀመሪያው ጫፍ ደህና ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አሳንሰር የምኖር ሴት ነኝ፤ እግሬን አልማውም። መንገዱ በድንጋይ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀሚሴን እንደ ባንዲራ አውለበለበው። ወዲያ ማዶ ቁልቁል የታችኛው ሐይቅ ተኝቷል፤ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ። ወርደን ዳሩ ላይ ስናርፍ ድንቢጥ ቀስ ብላ «እማማ፣ ውሃ» አለችኝ። ትልቁን ድንጋይ ዞርን፤ ሁለቴ ሳበች፤ ትከሻዋ ወረደ፤ ጉንጬን ሳመችኝ። ያቺ መሳም የመጨረሻዋ ነበረች።

ስንመለስ ታላቋ ምራት እንቁላል እየላጠች ጠበቀችን። «ሽንት ነው? ገና በጠዋቱ? ድንቢጥ ስትጠጣ ወዲያው ነው እንዴ የምታፈሰው?»

«ብርድ ነው» አልኩ።

«ብርድ! እኛን ያልነካ ብርድ!» አለች ፋርማሲስቷ። ከዚያ ተነስታ የድንቢጥን ክንድ ቆለፈች። «ነይ፣ ከእኔ ጋር ከፊት ሂጂ። ሙሽራ ከአያቷ ጋር እየተወሸቀች አትሄድም። እያወራን እንውጣ፤ ትንፋሽ ያለው ሰው ዳገት ላይ ያወራል።»

ሁለተኛውን ጫፍ እንደዚያ ወጣን። መሪው ከፊት፣ እነሱ ሁለቱ ከኋላው፣ ቀጥሎ እጮኛው፣ ታላቋ ምራት፣ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ማስቲካዋን የምታላምጠው። ፋርማሲስቷ መሪውን «ፍጠን እንጂ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?» ትለዋለች። እሱም ይፈጥናል። ድንቢጥን ትጠይቃታለች፤ የት ተማርሽ፣ ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ፣ ወጥ ቤቱን ምን ዓይነት ቀለም ትቀቢዋለሽ። ድንቢጥ መጀመሪያ ላይ ረዥም ረዥም መለሰች። ከዚያ አጠረ። ከዚያ «አዎ» እና «አይ» ሆነ። ከኋላ ሆኜ ቃሏን ሳይሆን ትከሻዋን ነበር የማየው፤ ቢጫ ጃኬቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ማለቱን ይረሳል።

«ምን ሆነሽ ነው? ምላስሽን ታችኛው ሐይቅ ረሳሽው?» ትላታለች።

«እያዳመጥኩ... ነው» ትላለች ልጄ።

የመካከለኛው ሐይቅ ክብ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ዙሪያውን ከቦታል፤ ውሃው ላይ የሦስተኛው ጫፍ ምስል ተዘቅዝቆ ይታያል። ቀና ብዬ እውነተኛውን አየሁት፤ ገደል አይደለም እንጂ ከገደል የማይተናነስ ዳገት ነው። ድንቢጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ፋርማሲስቷ ክንዷን አልለቀቀችም። «እማማ፣ ውሃ» ትበለኝ ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

«ውሃ ጠጪ እንጂ፣ ድንቢጤ» አልኩ ኮዳዬን አንስቼ።

«አልጠማኝም።»

«ትንሽ ጠጪ።»

«አልጠማኝም አልኩ!»

«እንዴ፣ እማማ፣ ሕፃን አደረጓት እኮ» አለ እጮኛው እየሳቀ።

ከንፈሯን አየሁት። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ፤ ከሰው ሁሉ በፊት አውቀዋለሁ። እዚያች ጫፍ ላይ ብትወጣ የማትወርድ መሰለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቃል ብናገር ትጠላኛለች፤ ዝም ብል ትሞትብኛለች። እኔ በማውቀው፣ አብሮ ከሚሄድ ሰው አንድ ትልቅ ሰው ከወደቀ መንገድ ይቀራል። ሁሉም ተሸክሞት ይመለሳል። እንዲህ ነው ያደግነው። እኔ ከወደቅሁ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ልጅቷም በእኔ ሰበብ ትድናለች፤ ሠርጉም አይቀርም፤ ጥፋቱ የአሮጊት ልብ ይሆናል።

ስለዚህ ደረቴን ይዤ ወደቅሁ። ደህና አድርጌ ነው የወደቅሁት፤ ኮዳው ተንከባሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

እጮኛው ሮጦ መጣና እጄን ያዘ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው መሰለኝ «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ። ፋርማሲስቷ ከላይ ቆማ ቁልቁል አየችኝ።

«ቀለሟ ደህና ነው» አለች።

«ልቤን... እንመለስ... ሁላችንም እንመለስ» አልኩ።

መሪው ጎንበስ አለ። «ማዘር፣ አይዞዎት። የኋላ ጠባቂያችን ከእርስዎ ጋር ትቀራለች፤ ሲሻልዎት በመጣንበት ቀስ ብላ ታወርድዎታለች። ሌሎቻችን እንቀጥላለን፤ በወዲያኛው በኩል ወርደን መኪናው ጋ እንገናኛለን።»

«እንዴት! ሰው ወድቆ?»

«ደንቡ ነው፣ ማዘር። አንድ ሰው ሲደክም ቡድን አይመለስም፤ ጠዋት ነግሬያችሁ ነበር። አዎ ብለዋል እኮ።»

 የኮሌታው ቁልፍ! የስካርፉ ቋጠሮ!

«እንግዲያው ልጄ ከእኔ ጋር ትቅርልኝ» አልኩ።

«ትቅር» አለች ፋርማሲስቷ። «ማን ያዛት? መንገዱ ያው ነው፤ ያቺኛዋም ከዚሁ ነው የተመለሰችው።»

ሁሉም ድንቢጥን አየ። መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፤ ፊቷን አንገቴ ሥር ሸጎጠች፤ የሚያይ ሰው የምታለቅስ ይመስለዋል። ደረቷ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል። «አውቄብሻለሁ» አለችኝ። «ደግመሽ እንዳታዋርጂኝ።» እጄን ወደ ብብቴ ሰደድኩ፤ ቁልፏን ፈታሁ። የእጄን አንጓ ጥፍሯ እስኪሰምጥ ጨብጣ አወጣችው። «አታውጪ። እያዩ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ በሚሰማ ድምፅ «አይዞሽ እማማ፣ እረፊ» አለችና ተነሳች።

ሄዱ። ታላቋ ምራት ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ።

ብብቴ ውስጥ ፓፏ አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ የእኔ ከብብቴ አልወደቀችም፤ የወደቀችው ልጄ ናት።

የኋላ ጠባቂዋ በዚያ በሚያንጸባርቅ ብርድ ልብስ ጠቀለለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ማስቲካዋን አንዴ አፈንድታ «ማዘር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ታምመዋል?» አለችኝ።

 ዳገቱን ነበር የማየው። ጃኬቶቹ እንደ ቁልፍ አንሰዋል፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው። ቢጫው ይቆማል። ሰማያዊው፣ የፋርማሲስቷ፣ ይጎትተዋል። ይሄዳል። ደግሞ ይቆማል።

ብርድ ልብሱን ጥዬ ተነሳሁ።

«ወዴት?»

«ልጄ ጋ።»

«አይሆንም፣ ማዘር! እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ እኔ ተጠያቂ ነኝ!»

«እንግዲያው ተከተይኝ። ሥራሽ ከኋላ መሄድ አይደለም?»

ተከተለችኝ፤ እየተሳደበች። ያንን ዳገት በእጄም በእግሬም ወጣሁት። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይንሸራተታል፣ ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰዋል፣ እኔ ግን አልደከመኝም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የእኔ ሳንባ የቆዳ ወናፍ ነው፤ ላካፍላት አልችልም።

«ማዘር» አለች ከኋላዬ እያለከለከች፣ «በልብ ድካም እንዲህ ከሮጡ፣ ጤና ሲሰጥዎት ምን ሊያደርጉ ነው?»

ጫፉን አልፌ ቁልቁል ስመለከት የላይኛው ሐይቅ ታየኝ። ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ደመና በላዩ የሚያልፍበት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያለ ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። ድንቢጥ ዳሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ፣ አፏ ተከፍቶ። ሳቅ እንዲመስል ጥርሷን አሳይታለች። እጮኛው ካሜራውን ይዞ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይላል። መሪው ፈንጠር ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል።

መጀመሪያ ያየችኝ ታላቋ ምራት ናት። «ሙታን ተነሱ!» ብላ ጮኸች።

«ተአምር ነው!» አለች ፋርማሲስቷ። «አየሩ ይሆን የፈወሰዎት?»

 የጃኬቴን ገበር ገልጬ ፓፏን አወጣሁ፤ ለልጄ ዘረጋሁላት። ከዚያ በኋላ መደበቅ ምን ያደርጋል? ትጥላኝ። ትኑርና ትጥላኝ።

ድንቢጥ እጄን አየችው። ከዚያ አማቷን አየች።

«የእሷ ነው» አለች። በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ትለቅማለች። «እማማ... አስም... አለባት።»

እጮኛው ካሜራውን አወረደ። 

«እንዲህ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ። «ለምን አልነገሩንም? ይህን ዳገት ወጥተው ሳይስቡ እንዴት ይሆናል! ይሳቡ እንጂ። እዚሁ ይሳቡ፤ እኔ እያለሁ ምን ያሳፍራል?»

ልጄን አየኋት። ዓይኗ ለመነኝ። ዓይኗ ያለው ግን «ስጪኝ» አልነበረም። «ሳቢ» ነበር።

አፌ ውስጥ ከትቼ ጫንኳት። መራራ ጭስ ጉሮሮዬን መታኝ።

«አይ፣ አይ» አለች ፋርማሲስቷ፣ ልክ ባንኮኒዋ ላይ እንደቆመች። «አሳሳብዎ ልክ አይደለም፤ ሁሉ ውጭ ቀረ። መጀመሪያ ይነቅንቁት። አሁን አየሩን ያስወጡ። ከንፈርዎን ይግጠሙ። ጫን ያድርጉ! ቀስ ብለው ይሳቡ... ይያዙት... ይያዙት... አሁን ይልቀቁ። ይድገሙ።»

ደገምኩ። ልቤ እንደ ስፌት ማሽን መንደቅደቅ ጀመረ። ከአጠገባችን ያ ፉጨት ይሰማል፤ ሁላችንም እንሰማዋለን፤ ወፍ ነው ያለ የለም።

«ገና ነዎት፤ ይድገሙ» አለችኝ። «አንድ ጊዜ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ጫንኳት። «ፍስ» አለች፤ ምንም አልወጣም። ባዶ ናት።

«እማዬ፣ ተዪ» አለ እጮኛው። ወደ እናቱ ነው፤ ግን የሚያየው ሐይቁን ነው።

«ምኑን ልተው?»

ካሜራውን መልሶ አነሳ። የሰው ጥርስ ነቅሎ የሚያድር ሰው የራሱ የሚነክስ ጥርስ የለውም።

ፋርማሲስቷ ልጄ ፊት ሄዳ ቆመች። «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ!» አለችና ሳቀች። «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ... ምን... ልሁን ብዬ» አለች ልጄ። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ አሁንም ጥርሷን እያሳየች ነው።

ያን ጊዜ ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከላይኛው ኪስ ነው ያወጣችው፤ ሳትፈልግ፣ ሳትዳብስ። አዲስ ፓፍ፣ ከነማሸጊያው። ማሸጊያውን በጥርሷ ቀደደችና ለልጄ ሰጠቻት። ድንቢጥ ነጠቀቻት እንጂ አልተቀበለቻትም። ሳበች። ሳበች። ደግማ ሳበች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

«ሰው አልገድልም እኮ» አለችኝ ፋርማሲስቷ፣ እንደተቀየመች ሁሉ። «ማዶ ሰፈር የምትገዛበት ቤት ባለቤት የእኔ ተለማማጅ ነበረች። ከታጩ ጀምሮ አውቄያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«አውቀው ነው እንዲህ ያደረጓት?» ማለት ቻልኩ።

«ያቺ የተመለሰችው ምንም በሽታ አልነበረባትም። ትንሽ ዝናብ ሲመጣ አልቅሳ ተመለሰች። ይህቺ ግን» ብላ የልጄን ፀጉር ከግንባሯ ላይ አነሳችላት፣ «እየታፈነች እንኳ ቤተሰቧን አሳልፋ አልሰጠችም። በሽታ በመድኃኒት ይያዛል። አፉን የማይዝ ሰው ግን በምንም አይያዝም። ልጄ፣ አልፈሻል። እርስዎ ግን እማማ፣ ወድቀው እንኳ ወድቀው አይቆዩም።»

ታላቋ ምራት አጨበጨበች። እኔ ልጄን ጠበቅኳት። ትነሳለች፣ ያንን ፓፍ ፊቷ ላይ ትወረውርላታለች፣ «እማማ፣ እንሂድ» ትለኛለች ብዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መጠበቅ አልጠበቅሁም።

ተነሳች። ፊቷን በሐይቁ ውሃ ታጠበች። «ፎቶው» አለች። «ብርሃኑ ሳይሄድ።»

ሁሉም ተስተካከሉ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ሐይቁን ሸፍኖ ኖሯል።

«እማማ» አለችኝ ድንቢጥ፣ ሳትዞር፤ ድምፅዋ አሁን ሙሉ ነው፣ ምንም አይቆራረጥም። «ከዚያ ዘወር በይ።»

ዘወር አልኩ። የኋላ ጠባቂዋ ክንዴን ይዛ፣ ከሁሉ ኋላ ወረድኩ።

ሠርጉ ሆነ። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ከሙዚቃው ድምፅ ማጉያ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ ያለቀስኩት በጩኸቱ መስሏቸዋል። ሰው ሲጠይቀኝ «በደህና ገባች» እላለሁ። መውደቄን ግን ዛሬም ብትጠይቁኝ አልጸጸትበትም፤ ደንቡን ያልሰማሁትም ኮሌታዋ ተከፍቶ ስለነበር ነው። ኮሌታ ተከፍቶ ደንብ ማን ይሰማል?

ከሠርጉ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ምስማሩ ላይ ተሰቅላለች። ጥሩ ወጥታለች፤ ሐይቁ ከኋላዋ ጠቁሮ፣ ፊቷ ርሶ፣ ጥርሷ በርቶ። የሚያይ ሰው ላብና ደስታ ይመስለዋል። በፎቶው ጠርዝ ላይ አንዲት የጃኬት እጅጌ ገብታ ነበር፤ በክፈፉ ሸፍነዋታል፤ ስፌቷን ስለማውቀው ነው እኔ ያየኋት።

ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ፋርማሲስቷ ሻይ ቀዳች። ቤቱ ምንጣፍ ተቀይሮለታል፤ አዲስ ምንጣፍ አቧራው ለድንቢጥ እንደማይስማማት ልናገር ብዬ ዋጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ያ ድምፅ ጀመረ። ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ። አሁንም በጃኬቴ ገበር ውስጥ፣ ከብብቴ ሥር፣ አዲስ ፓፍ ይዣለሁ፤ ራሴ ማዶ ሰፈር ሄጄ የገዛኋት። እጄን ወደዚያ ሰደድኩና ዓይኗን ፈለግሁ። «እማማ፣ ውሃ» ትበለኝ እንጂ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ድንቢጥ አላየችኝም። ወደ አማቷ ዞረች።

«እማዬ» አለቻት። እኔን ብላኝ የማታውቀውን ቃል። «ፓፌ ያለበትን መሳቢያ ልክፈተው?»

ፋርማሲስቷ ቁልፉን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከራሷ ሲኒ አጠገብ አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ ሻይሽን ጨርሺ» አለቻት።

ልጄም ትኩሱን ሻይ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ ጀመር።